ከቤቱ ወጣች፤ ወረቀቷስ?

ቆቦ ላይ ስለ ስደት ሲወራ የሚነሳው ባሕር ነው። ስለ ኦቦክ፣ ስለ ባብ ኤል መንደብ፣ ስለ የመን በረሃና ስለ ጂዛን ተራራ ያልሰማ ልጅ ከጎብዬ እስከ ቆቦ ብትፈልጉ አታገኙም። ሹሙ ስብሰባ ሲጠራ ስለ ባሕሩ ይናገራል፤ ሼሁም ቄሱም ስለ ባሕሩ ይመክራሉ። መልካም ነው፤ ባሕሩ ሰው ይበላል። እኛ ግን ዛሬ ስለ ባሕሩ አንጽፍም። የምንጽፈው ስለ ወረቀት ነው። ባሕሩን ሳታይ፣ ፓስፖርት አውጥታ፣ ኮንትራት ፈርማ፣ ከቦሌ በአውሮፕላን የሄደችውን ልጅ የሚበላት እሱ ነውና።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ ለቤት ሠራተኝነት የገባች ልጅ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ማለትም ኢቃማዋ፣ የሚወጣው በአሠሪዋ ስም ነው። አሠሪው ከፊል ይባላል። በእኛ አማርኛ «ከፊል» ማለት ግማሽ፣ የተወሰነ ማለት ነው፤ እዚያ ግን ሙሉ ነው፤ ሁሉ ነገር ነው። አስገቢውም፣ አኗሪውም፣ አስወጪውም እሱ ነው። ስለዚህ ልጅቱ ሥራ ስትለቅ የምትለቀው ሥራ ብቻ አይደለም። በአገሪቱ ለመኖር የተሰጣትን ፈቃድም አብራ ትለቃለች። እዚህ አገር ሥራ የለቀቀ ሰው ሥራ አጥ ይባላል፤ እዚያ ሕገወጥ ይባላል።

በደንቡ ከሄድን መውጫዋ ሦስት ነው። አንደኛው ዝውውር ነው፤ አዲስ አሠሪ ታገኝና የቀድሞው ፈቅዶ ኢቃማዋ ወደ አዲሱ ይዞራል። ሁለተኛው ኹሩጅ ነው፤ ከፊሉ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ያስመታላትና አገሯ ትገባለች። ሦስተኛው ሁሩብ ነው፤ ከፊሉ «ጠፍታብኛለች» ብሎ ያስመዘግባታል። ከዚያ በኋላ ኢቃማዋ ዋጋ ያጣል፤ ፖሊስ ያገኛት ቦታ ይይዛታል፤ መውጫዋም በተርሒል፣ በማባረሪያው ጣቢያ በኩል ይሆናል። ልብ በሉ፤ ሦስቱም ወረቀት ላይ የሚፈርመው አንድ ሰው ነው። ደመወዟን የከለከላትም፣ የመታትም እሱ ሊሆን ይችላል።

«ሕግ የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አለ። በሳዑዲ ሕግ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ ክልክል ነው። የቤት ሠራተኛ ያለ ከፊሏ ፈቃድ ወደ ሌላ አሠሪ የምትዛወርባቸው ሁኔታዎችም ተዘርዝረዋል። ደመወዝ ለ3 ወር ካልተከፈላት፣ ኢቃማዋ ሳይወጣላት ወይም ሳይታደስላት ከቀረ፣ ለሌላ ሰው ቤት እንድትሠራ ካከራያት፣ ካንገላታት፣ በሐሰት «ጠፋች» ብሎ ካስመዘገባት መዛወር ትችላለች። በሩ አለ ማለት ነው። ታዲያ ቁልፉ ማን ዘንድ ነው? ደመወዟን በእጇ ስትቀበል የኖረች ልጅ ያልተከፈላትን 3 ወር በምን ታስረዳለች? ስልኳን የቀሟት ልጅ ለማን ትደውላለች? ከግቢ ብቻዋን ወጥታ የማታውቅ ልጅ የሠራተኛ ቢሮው በየት በኩል እንደሆነ በምን ታውቃለች? ቅጹስ በዐረብኛ አይደል? እንግዲህ ሕጉን የምታገኘው ከቤቱ ከወጣች በኋላ ነው፤ ከቤቱ ከወጣች ደግሞ ሁሩብ ሆናለች። የቸገረ ነገር!

መጋቢት 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ የሥራ ማሻሻያ ብላ ብዙ ሠራተኞች ያለ አሠሪያቸው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይሩ፣ ወጥተው እንዲገቡም በር ከፍታ ነበር። ብዙ ተጨበጨበ። የቤት ሠራተኛ፣ የቤት ሾፌር፣ እረኛና አትክልተኛ ግን ከማሻሻያው ውጪ ተደረጉ። አንባቢ ሆይ፣ ከራያ የሄደ ሰው እዚያ ምን እየሠራ እንደሆነ እስቲ ዘመድህን ጠይቅ። ወንዱ ፍየልና ግመል ያግዳል፤ ሴቷ ቤት ትሠራለች። ማሻሻያው የእኛን ሰዎች ለይቶ የተወ ይመስላል። ነገሩ የማይቻል ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ ጎረቤቷ ኳታር በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ የቤት ሠራተኞችም ጭምር ያለ ቀድሞ አሠሪያቸው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይሩ ፈቅዳለች። አፈጻጸሙ ያወዛግብ እንጂ ሕጉ ተጽፏል። አንዱ አገር የጻፈውን ሌላው መጻፍ አይሳነውም።

ስለ ምሕረትም እናውራ። ሳዑዲ በየጊዜው «ወረቀት የሌላችሁ ሳትቀጡ አስተካክሉ፣ ወይም ውጡ» ትላለች። በ2005 ዓ.ም. የታወጀው የማስተካከያ ጊዜ ጥቅምት 24 ቀን 2006 አበቃ። ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ሪያድ ውስጥ መንፉሃ ሰፈር ደም ፈሰሰ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ቦሌ ላይ ወረዱ። በመጋቢት 2009 ደግሞ የ90 ቀን ምሕረት ታወጀ፤ በኋላም ተራዘመ። በዚያ ምሕረት በጊዜው የወጣ ሰው መቀጮ አይከፍልም፤ አሻራውም «ተባራሪ» ተብሎ አይመዘገብም፤ ስለዚህ በሕጋዊ ቪዛ ተመልሶ መግባት ይችላል። ቀኑ ካለፈ በኋላ የተያዘ ግን ይታሰራል፣ አሻራውም ይቆልፍበታል። ያው ሰው፣ ያው አውሮፕላን፤ ልዩነቱ ጥቂት ቀን ነው። ያን ጊዜ ስንቱ ቤተሰብ በስልክ «ትንሽ ታገሺ፣ ቤቱ ቆርቆሮ ይልበስ» አለ? ስንቱ ደግሞ «ነገ ውጪ፣ ቀኑ ሳያልፍ» አለ? መልሱን ለየቤታችን እንተወው።

እውነት ለመናገር፣ ከከፊሏ ቤት የምትወጣ ሁሉ ተገፍታ ብቻ አይደለም። አስልታም የምትወጣ አለች። በኮንትራት ከምታገኘው በላይ ከሀበሾች ጋር ክፍል ተከራይታ በየቤቱ እየዞረች ሠርታ ልታገኝ ትችላለች። ሌሊትም የራሷ ነው። ይህን ስሌት ሞኝነት አንለውም፤ የእህቶቻችንን ሰሌዳ የምናውቅ ሰዎች ነን። ግን ስሌቱ ውስጥ ያልገቡ ቁጥሮች አሉ። ብትታመም ሐኪም ቤት መሄድ ራሱ ያስፈራታል። ደመወዟን የካዳትን ሰው ብትከስ መጀመሪያ የምትታሰረው እሷ ናት። ብትወልድ ልጇም ያለ ወረቀት ያድጋል። እናቷ ቆቦ ላይ ብትሞት መጥታ መቅበር አትችልም፤ ለቅሶውን በስልክ ትቀመጣለች። ለወሎ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንነግራችሁም።

የወረቀቱ ጣጣ ደግሞ ሪያድ ላይ አይጀምርም። ከዚሁ ይጀምራል። 16 ዓመቷን 22 ያደረገው ደላላ እዚሁ ነው። ማርያም ያለቻትን ልጅ «ለሳዑዲ እንዲመች» ብሎ ዘሃራ ያሰኛት ሰው እዚሁ ነው። መታወቂያውን የሰጠው ቀበሌም እዚሁ ነው። ከዓመታት በኋላ ፓስፖርቷ ከፊሏ ዘንድ ቀርቶ ኤምባሲ ደጃፍ ላይ ስትቆም፣ ሊሴ ፓሴ ለማውጣት «ማን ነሽ?» ትባላለች። ዘሃራ ብትል አገሯ ላይ ዘሃራ የምትባል ልጅ የላቸውም፤ በእውነተኛ ስሟ ብትጠራ የገባችበት መዝገብ ላይ የለችም። ሁለት ስም ይዛ አንድም ወረቀት የላትም። በሐምሌ 2013 እና በነሐሴ 2014 ጦርነት የገባባት ቆቦ ውስጥ ደግሞ ቤትም ሰነድም ጥሎ የሸሸው ስንት ነው?

ታዲያ ምን ይደረግ? እኛ «አትሂዱ» ብለን የምንሰብክ አይደለንም። መንግሥት በጥቅምት 2006 የሥራ ጉዞን አግዶ እስከ 2010 አቆይቶት አይተናል፤ እገዳው በአውሮፕላን የምትሄደውን ወደ ባሕሩ መንገድ ገፋት እንጂ አላስቀራትም። አዋጅ 923/2008 ወጣ፤ የሁለትዮሽ ስምምነት፣ የቅድመ ጉዞ ሥልጠና፣ የሠራተኛ አታሼ የሚሉ ጥሩ ጥሩ ቃላት አሉት። እኛ የምንጠይቀው ቃላቱ ወደዚች ልጅ እጅ እንዲወርዱ ነው።

ሥልጠናው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ማስነሳት ብቻ አይሁን። ኢቃማ ምንድን ነው፣ ሁሩብ እንዴት ይመዘገባል፣ ያለ ከፊል ፈቃድ የምትዛወሪው መቼ ነው፣ ለማን ትደውያለሽ የሚለውን በአማርኛ፣ በቃል የምታስታውሰው አድርጎ ያስተምራት። ስምምነቱ ሲታደስ የዝውውር መብት ይጻፍበት፤ ደመወዝም በባንክ ይሁን፤ የባንክ ደረሰኝ ዐረብኛ ከማትችል ልጅ በላይ ይናገራልና። ኤምባሲውም ከሁሩብ በፊት ይድረስ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን።

ለቤተሰብም አንድ ነገር እንበል፤ ይህ ሚኒስትር አያስፈልገውም። ልጅቱ ከመሄዷ በፊት የፓስፖርቷን፣ የቪዛዋንና የኮንትራቷን ፎቶ ስልካችሁ ላይ አስቀሩ። የኤጀንሲውን ስም፣ እንደደረሰችም የከፊሏን ስምና የኢቃማዋን ቁጥር ጻፉ። በእውነተኛ ስሟና በእውነተኛ ዕድሜዋ ካልሆነ አትላኳት። ስትደውል «ላክሽ ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «ኢቃማሽ ታደሰ ወይ?» በሏት።

በባሕር የሄደው ወንድሟ ገና ሲነሳ ጀምሮ ወረቀት እንደሌለው ያውቃል። እሷ ግን ወረቀት ይዛ ሄዳ ሥራ በለቀቀችበት ቀን ነው ያጣችው። መጨረሻ ላይ ሁለቱም በአንድ ተርሒል አድረው፣ በአንድ አውሮፕላን፣ በአንድ ፌስታል ቦሌ ይወርዳሉ። ሕጋዊው መንገድ ሕጋዊ የሚባለው መጨረሻው ከሕገወጡ ሲለይ ነው። እስኪለይ ድረስ የቆቦን ልጅ «በሕጋዊ መንገድ ሂጂ» ማለት ግማሽ ምክር ነው፤ ከፊል።