በረዶ የበላች ልጅ

ባለፈው ሐምሌ አጋማሽ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እዚህ መስቀል ፍላወር በረዶ ጣለ። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ቴሌቪዥኑን መስማት አቃተን። የሰባት ዓመቱ የልጅ ልጄ የቡና ሲኒ ይዞ ወደ በረንዳው ወጣ። ስደርስበት ሲኒውን ሞልቶ፣ አንዷን ፍሬ ጉንጩ ውስጥ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኗል። እናቱ ከኩሽና ብቅ ብላ «ትፋው! ቶንሲልህ ይነሣል!» ብላ ጮኸች። ልጁም ተፋው። እኔ ዝም አልኩ። ድምፁ የእሷ ይሁን እንጂ ቃሉ የእኔ ነበር።

በሁለተኛው ቀን እኔና ልጁ በአውቶቡስ ወደ ምሥራቅ ተጓዝን። ሐምሌ 19ን ቁልቢ አንግሠን፣ ድሬዳዋ የምትኖረውን ታናሽ እህቴን ጠይቀን ለመመለስ ነው። አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አሰበ ተፈሪ፣ ሂርና እያለ የሚሄደውን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቁልቢ ላይ ጋቢ ደርበንም ተንቀጠቀጥን። ደንገጎን አልፎ መኪናው ቁልቁል መጠማዘዝ ሲጀምር ግን በየኩርባው አንድ አንድ ልብስ ማውለቅ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ ድሬ 1 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እኛ በሐምሌ ካልሲ አድርገን ስንተኛ እነሱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት ውስጥ ናቸው።

የእህቴ ቤት ከዚራ ነው፤ በፈረንጆች 1902 ባቡሩ ድሬ ከደረሰ በኋላ የተቆረቆረው፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ የዛፍ ጥላ የማያጣው ሰፈር። ከምሳ በኋላ ሁሉም ይጋደማል። ወደ አሥር ሰዓት ሲጠጋ ባጃጁም ሰዉም እንደገና ይንጫጫል። እኛም ያን ጊዜ ወጣን። አንድ ጎረምሳ ሣጥን አንግቦ መጣ፤ ውስጡ በትንንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ በረዶ የሆነ የማንጎ ጭማቂ ነው።

«እናቴ፣ ቅመሺ አቦ! ሙቀት እኮ ነው!» አለኝ።

አዲስ አበባ ቢሆን «አንቺ» ያለኝን ልጅ ቀና ብዬ አየው ነበር። ድሬ ግን አንቱታ አያውቁም፤ አንቺታቸው ደግሞ ደስ ይላል።

«ውኃው ከየት ነው?»

«ከቧንቧ ነዋ! ከየት ይሆናል?»

«ተፈልቷል?»

ሣቀብኝ። እኔም አልገዛሁም። የልጅ ልጄ እጄን ለቆ ቀድሞኝ ሄደ፤ እስከ ቤት ድረስ አላናገረኝም። (ማታ እሱ ሲተኛ ያንኑ ጎረምሳ በር ላይ አግኝቼ አንዷን ገዝቼ በላሁ። ምንም አልሆንኩም። ይህን እንደ ምክር አትውሰዱት።)

እህቴ የልጁን ፊት አይታ ፍሪጇን ከፈተች። ማንጎ ፈጭታ በኩባያ ያቀዘቀዘችው ነበራት፤ ውኃውን አፍልታ ነው የምትሠራው። ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ተቀመጥን። ኩባያውን በሁለት እጃችን ስናሻሸው ዳር ዳሩ ይለቃል፤ በማንኪያ ፈርፈር አድርጎ መብላት ነው። መጀመሪያ ግንባር ይበረቅሳል፣ ቀጥሎ ማንጎው ይመጣል። ልጁ ሦስተኛውን ሲጀምር እናቱ በቪዲዮ ደወለች። አፉ ዙሪያውን ቢጫ ነው።

«እማዬ! በረዶ አበላሽው?»

«ማንጎ ነው» አልኩ።

ዝም አለች። ቀጥላ ቀስ ብላ «እኔን ለበረዶ ገርፈሽኝ የለ?» አለችኝ።

ገርፌያታለሁ። ስምንት ዓመቷ ነበር። እንዲሁ የክረምት በረዶ ጥሎ፣ ከግቢ አፍሳ ስትበላ ደረስኩባትና በአርጩሜ እግሯን ለጠለጥኩት። በሳምንቱ ጉሮሮዋ አብጦ ተኛች፤ እኔም በአልጋዋ ራስጌ ቆሜ «አላልኩሽም?» አልኩ። ድሬ ላይ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወስድ ሲለኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከእሷ ቀድሞ የታመመው ታናሽ ወንድሟ ነበር። እሱ በረዶውን በእጁም አልነካውም። በአንድ አልጋ ይተኛሉ፣ በአንድ ኩባያ ይጠጣሉ። ይህን ሁሉ ዓመት ሁለቱን ነገር አገናኝቼ አላየሁትም።

የሕፃናት ሐኪም የሆነችው የእህቴ ልጅ በማግሥቱ ስነግራት አልተገረመችም። ቶንሲልን የሚያሳብጡት ቫይረሶችና ባክቴሪያዎች ናቸው፤ በሳል፣ በማስነጠስና በጋራ ዕቃ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋሉ። በረዶ ራሱ ቶንሲል አያመጣም፤ እንዲያውም ጉሮሮው ለቆሰለ ልጅ ቀዝቃዛ ነገር ሕመሙን ያስታግሥለታል። እሷን የሚያስጨንቃት እናቶች በረዶውን ወቅሰው ቤት መቀመጣቸው ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ያመጣው የጉሮሮ ሕመም በጊዜ ካልታከመ፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሳምንታት በኋላ የሩማቲክ ትኩሳት ያስከትላል፤ እሱም የልብን ቫልቭ ይጎዳል። ስለዚህ ልጁ ካተኮሰውና መዋጥ ካቃተው ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት «ተሻለው» ብላችሁ መሐል ላይ አታቋርጡበት።

«ስለ ቅዝቃዜው ሳይሆን ስለ ውኃው ጠይቂ» የምትለኝም እሷ ናት። ማቀዝቀዝ ማፍላት አይደለም። የታይፎይድና የሄፓታይተስ ኤ ተሕዋስያን በረዶ ውስጥ በሕይወት መቆየት ይችላሉ። ውኃ ተፍለቅልቆ ከፈላ በኋላ ቆላ ላይ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ግን፣ እንደኛ ከተማ፣ ሦስት ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ፤ ደጋ ላይ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ። ለሻይ ያፈላን መስሎን ቶሎ የምናወርደው እኔን ጨምሮ ብዙ ነን።

መስቀል ፍላወር ስንመለስ ዝናቡ እንዳለ ነው፤ ልጁ ግን ማንጎውን አልረሳም። ሦስት የበሰለ ማንጎ አጥበን ልጠን፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውኃ ፈጨነው። የግማሽ ሎሚ ጭማቂና ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨመርን፤ ማንጎው ጣፋጭ ከሆነ ስኳሩ ይቅር። በትንንሽ ኩባያ ቀድተን አሳደርነው። የመጀመሪያው ዙር ሌሊት መብራት ሄዶ ቀለጠ፤ የቀለጠውን መልሶ ማቀዝቀዝ ስለማይገባ አፈሰስነው። ልጁ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ሁለተኛው ዙር ተሳካ። ልጄ ማታ ከሥራ ገባች፤ ዣንጥላዋን በር ላይ አራግፋ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ፍሪጁን ከፈተች። አንድ ኩባያ አወጣች። ቆማ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ በማንኪያ ትቆረቁረው ጀመር። ሰዓቱ ሁለት ተኩል ነው፤ ውጪው ቅዝቃዜ ነው። ግማሽ ያህል ከበላች በኋላ ዞረችና ማንኪያዋን ወደ እኔ ቀሥራ፣

«ውኃው ተፈልቷል?» አለች።