ማገዶ የሚቆጠርበት ውድድር



ባለፈው ሳምንት ትምህርት ካበቃ በኋላ አንዲት እናት ጠሩኝና «ልጄ፣ በቴሌቪዥን ሰዎች አንድ ቦታ ተሰብስበው ይኖራሉ፣ ይወዳደራሉ ይባላል። በመኖር እንዴት ይወዳደራሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለው ውድድር ብዙ ዓይነት አለው። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዱ ብቻ ነው። ፈተናው የእናንተ ሥራ ስለሆነ መረጥሁት።

ውድድሩ የተካሄደው በአሜሪካ ነው። ስሙ «ፍሮንቲየር ሃውስ» ይባላል። የጠረፍ ቤት እንደ ማለት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. ተቀረጸ፤ በ2002 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ታየ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። እኔም ያየሁት ከቅጂው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ቤተሰቦች ተመረጡ። ሁሉም በመኪና የሚሄዱ፣ መብራትና ቧንቧ ያላቸው የዛሬ ሰዎች ናቸው። እነዚህን ሰዎች ሞንታና ወደሚባል አገር ወሰዷቸው። ሞንታና በሰሜን አሜሪካ የሚገኝ ተራራማና ብርዳም ክፍለ ሀገር ነው። እዚያም «ከዛሬ ጀምሮ ዘመኑ 1883 ነው» ተባሉ። (ያን ጊዜ በእኛ አገር ንጉሡ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ነበሩ።) የዘመኑን ልብስ ለበሱ። ላም፣ ፈረስና ዶሮ ተሰጣቸው። ስልክ የለም፤ ሱቅ እንደ ልብ የለም። አምስት ወር ያህል እንዲህ ኖሩ።

ለምን 1883 ተባለ? በ1862 የአሜሪካ መንግሥት አንድ ሕግ አውጥቶ ነበር። በሕጉ መሠረት አንድ ሰው 160 ኤከር መሬት ይወስዳል። ይህም 65 ሄክታር ያህል ነው። በእኛ የቀድሞ ልክ ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል። ሰውየው አምስት ዓመት ከኖረበትና ካረሰው መሬቱ የራሱ ይሆናል። ብዙ ድሃ ይህን ሰምቶ ተሰደደ። ታዲያ መሬቱ ባዶ ነበር እንዴ? አልነበረም። ከጥንት ጀምሮ የኖሩበት የአገሩ ተወላጆች ነበሩ። እነሱ ተገፍተው ነው ለሌላው የተሰጠው። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ትክክል አይመስለኝም።

ወደ ውድድሩ እንመለስ። ለአሸናፊ የሚሰጥ ገንዘብ የለም። ዳኞቹ መጨረሻ ላይ መጥተው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «እነዚህ ሰዎች ክረምቱን ይወጡታል ወይስ ያልቃሉ?» የእነሱ ክረምት እንደ እኛ ክረምት ዝናብ አይደለም። በረዶ ነው። በረዶው ቤትና መንገድ ይሸፍናል። ከብት ሣር ያጣል። በ1886 ክረምት የገባው ብርድ እስከ 1887 ዘልቆ በዚያ አገር ስፍር ቁጥር የሌለው ከብት ፈጅቷል። ስለዚህ የዳኞቹ ጥያቄ የጨዋታ ጥያቄ አይደለም።

እንግዲህ ዳኞቹ ምን አዩ? የተከመረውን ድርቆሽ አዩ። የተከማቸውን ምግብ አዩ። ከሁሉም በላይ የማገዶውን ክምር አዩ። ጠዋት ማታ ምድጃ የሚነድበት፣ ሌሊቱን ሙሉ ቤት የሚሞቅበት ፍልጥ ስንት ነው? የማገዶ ማነስ ትልቅ ነቀፋ ሆነ። ስንት ወር ምሳር ሲያነሡ የከረሙ አባወራ ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሰማቸው እናንተ ገምቱት።

በመካከሉ ጠብም ነበር። አንዱ ቤተሰብ ከክልሉ ውጭ ካሉ የዛሬ ዘመን ጎረቤቶች ጋር ምግብ ተለዋወጠ። ሌሎቹ «ይህማ ማጭበርበር ነው» ብለው ተቆጡ። እኔ ግን ልፈርድባቸው አልደፈርሁም። የራበው ሰው ጎረቤት ካለው ይሄዳል።

ሴቶቹ ደግሞ ሌላ ነገር አወቁ። ወንዶቹ ቤትና አጥር ሠሩ፤ ሥራቸውም ቆሞ ይታያል። የሴቶቹ ሥራ ግን አያልቅም። ይጋግራሉ፣ ይበላል። ያጥባሉ፣ ይቆሽሻል። ላም ያልባሉ፣ ነገም ትታለባለች። ሴቶቹ ይህን እየመረራቸው ተናገሩ። ይህን ሳይ እናቴ ትዝ አለችኝ። እኔ ሳጠና ውሃ ስትቀዳ የነበረችው እሷ ናት፤ ያን ጊዜ ግን ሥራ መሆኑን እንኳ አልቆጠርሁትም።

አንድ ደስ የሚል ነገርም አለ። አንድ ወጣት ከአባቱ ጋር በእጁ ግንድ እየጠረበ ቤት ሠራ። ቤቱ ሲያልቅ አባት ወደ አገሩ ተመለሰ። እጮኛዪቱ መጣች፤ እዚያው ሠርግ ተደረገ።

አምስቱ ወር አለቀ። ሁሉም ወደ የቤቱ ገባ። በ1883 የነበረ ገበሬ ግን «ጨዋታው አበቃ» የሚለው አልነበረም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሆኖም ከቤተሰቦቹ አንዱ በባሕር ዳርቻ አዲስ ትልቅ ቤት ነበረው። ሴቶች ልጆቹ ከተመለሱ በኋላ ሙቅ ውሃ ውስጥ ቁጭ ብለው «እዚህ የምንሠራው ጠፋን፤ ሰለቸን» ሲሉ ይታያል። ላም በማለብ ሲያጉረመርሙ የነበሩት እነሱው ናቸው።

ይህን ሁሉ ለጠየቁኝ እናት ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ስለ ቤቱም ስለ ሠርጉም አልጠየቁኝም። ትንሽ ቆዩና፣

«ልጄ፣ ሁሉም አገሩ ከገባ፣ ያ ሁሉ ፍልጥ ለማን ቀረ?» አሉኝ።