ራት ነው እንጂ ቀዶ ጥገና አይደለም!

እናንተዬ፣ የአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች ምን ነክቷቸው ነው እንዲህ የሚያበሩት? ቦሌ ሂዱ፣ ሃያ ሁለት ሂዱ፣ ሳር ቤት ሂዱ፤ ወንበሩ ተቀይሯል፣ ግድግዳው በእንጨት ተለብጧል፣ የሜኑው ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ቀና ስትሉ ግን ያ ነጭ ፓኔል ኮርኒሱ ላይ ተደርድሮ ዓይናችሁን ይወጋችኋል። ራት ልትበሉ ነው ወይስ ልትመረመሩ?

ባለቤቶቹን ብትጠይቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ኤልኢዲ ነው፣ ይቆጥባል።» ይቺ ናት ያስቸገረችን። የሚቆጥበው ኤልኢዲ ስለሆነ እንጂ ነጭ ስለሆነ አይደለም። 9 ዋት የሚበላ ኤልኢዲ የድሮውን ባለ 60 ዋት አምፖል ያህል ያበራል፤ ያው 9 ዋት ደግሞ በቢጫም በነጭም ይሸጣል። ካርቶኑን አገላብጡት፤ 2700 ኬልቪን የሚለው እንደ ድሮው አምፖል ሞቅ ያለ ቢጫ ነው፣ 6500 የሚለው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ። ነጩ በዚያው ዋት ትንሽ ጨምሮ ያበራ ይሆናል፤ ለራት ጠረጴዛ ግን ከቁም ነገር የሚገባ ልዩነት አይደለም። መሥሪያ ቤቱ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባለ ክሩን አምፖል እየተቀበለ ቆጣቢ አምፖል በሚሊዮን ካደለን ወዲህ ይመስለኛል «ቆጣቢ» እና «ነጭ» በጭንቅላታችን ውስጥ የተጋቡት። ይፋቱ!

እስቲ እናስላው። ባለ 40 ዋት ፓኔል 8 ቦታ የተለጠፈበት አዳራሽ 320 ዋት ይበላል። በምትኩ 12 ጠረጴዛ ላይ ባለ 5 ዋት አምፖል አንዳንድ ዝቅ አድርጋችሁ ብትሰቅሉ 60 ዋት ነው፤ ለግድግዳና ለመተላለፊያ 4 ጨምሩበት፣ 80 ዋት። ሩቡ ማለት ነው! ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ሳለ ኮርኒስ ማብራት ምን ይሉታል? ኮርኒስ አይበላ፣ ሒሳብ አይከፍል። (ለነገሩ ጓዳ ያለው የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይጎትታል። ቁጠባ ያማረው ከዚያ ይጀምር።)

ምግቡስ? ርካሽ ኤልኢዲ መጀመሪያ የሚገድለው ቀይ ቀለምን ነው። ሽንኩርቱ ሲቁላላ የዋለ፣ በርበሬው ተመርጦ የገባ ዶሮ ወጥ ጭቃ መስሎ ይቀርባል። ካርቶኑ ላይ «ሲ አር አይ» የምትል ቁጥር አለች፤ 90ና ከዚያ በላይ የሆነውን ግዙ። ትንሽ ይወደዳል፣ ይወደድ!

ሌላም ጉዳይ አለ፣ እኔን ይበልጥ የሚያበሳጨኝ። በዚህ ከተማ ስንቶቻችን ነን የራሳችን ሳሎን ያለን? ወይ ከቤተሰብ ጋር ነን፣ ወይ አንድ ክፍል ለሦስት ተከራይተን የአከራይ ሰዓት እላፊ እንጠብቃለን። የሚዋደዱ ሁለት ሰዎች፣ የተጣላ ወንድምና እህት፣ ሥራ የለቀቀና ለማን እንደሚናገር የጨነቀው ልጅ የት ሄደው ያውሩ? ያቺ የምግብ ቤት ጠረጴዛ ናት ሳሎናችን። ፓውዛ ሥር ቁጭ ብሎ ደግሞ ማንም የልቡን አያወራም፤ አጎንብሶ ይበላል፣ ስልኩን ይነካካል፣ ይሄዳል።

«ደብዘዝ ያለ ቤት የብልግና ቤት ነው» የሚሉ አሉ። ቡና ሲፈላ በከሰል ፍም ዙሪያ፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ ዙሪያ ተሰብስቦ ያደገ ሰው እንዲህ ሲል ይገርመኛል። ጨለማ አላልንም! ሜኑ በስልክ ባትሪ የሚነበብበት ቤትም፣ ሐምራዊ መብራት እንደ ገመድ ያዞረበት ቤትም ያው ጥፋተኞች ናቸው። የምንለው ጠረጴዛው ይብራ፣ ዙሪያው ይረፍ ነው። አምፖሉ ከጠረጴዛው በላይ 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይንጠልጠል፤ ባርኔጣ ይኑረው፣ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ። ማደብዘዣ የምትገጥሙ ደግሞ አምፖሉ ማደብዘዣ የሚቀበል መሆኑን ጠይቁ፤ ያለዚያ ሲርገበገብ ያመሻል።

ፓኔሎቹን መጣል አያስፈልግም። ለብቻቸው ማብሪያ ማጥፊያ ይሠራላቸውና ጠዋት ወለል ሲታጠብ ይብሩ።