«ጨጓራ ነው» ያልኩት ሕመም

ታላቅ እህቴ የፋሲካ ዶሮ በበላች ሌሊት ስትቃትት አደረች። ሕመሙ ከቀኝ ጎኗ፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር ተነሥቶ ወደ ትከሻዋ ይወጣ ነበር። ነርስ እኔ ነኝና ቤተሰቡ ሁሉ እኔን አየ። «ጨጓራሽ ነው፤ ከጾም በኋላ ቅባት ሲገባበት ነው» ብዬ የጨጓራ መድኃኒት ሰጠኋት። ለገና አገረሸባት፤ ያንኑ ደገምኩ። በሦስተኛው ዓይኗ ቢጫ ሆነ። በአልትራሳውንድ ስትታይ የሐሞት ከረጢቷ በጠጠር ተሞልቷል፤ አንዱ ጠጠር ወጥቶ ቱቦውን ዘግቶታል።

ሐሞትን የሚያመነጨው ጉበት ነው። ከረጢቱ ያጠራቅመውና ቅባት ስንበላ ተኮማትሮ ወደ አንጀት ይለቀዋል። ስንወፍር ጉበት ወደ ሐሞት የሚጨምረው ኮሌስትሮል ይበዛል፤ ከረጢቱም እንደ ልቡ መኮማተር ያቅተዋል። ማር ሲቆይ ሥሩ ላይ ስኳር እንደሚሠራ ሁሉ፣ የቆመ ሐሞትም ይዘቅጥና ውሎ አድሮ ጠጠር ይሆናል።

በሴቶች ላይ የሚብሰው በሆርሞን ምክንያት ነው። ኤስትሮጅን በሐሞት ውስጥ ኮሌስትሮልን ያበዛል፤ ፕሮጄስትሮን ከረጢቱን ያሰንፋል። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ሁለቱም ይጨምራሉ። እህቴ ስድስት ወልዳለች፤ ዕድሜዋ ከ40 አልፏል፤ ወፈር ያለችም ናት። ምልክቱ ሁሉ ፊቴ ነበር።

ታዲያ ይህን ያነበበች እናት «ከነገ ጀምሮ እራት የለም» እንዳትል። በጥድፊያ መክሳትም ጠጠር ያመጣል። ስቡ ሲቀልጥ ኮሌስትሮሉ ወደ ሐሞት ይገባል፤ ምግብ ያጣው ከረጢትም ሳይኮማተር ይውላል። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ይበቃል። ዘይቱንና ቅቤውን ቀነስ፣ ምስርና ጎመኑን በርከት፣ በየቀኑም የግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ።

ጠጠር ያለበት ሁሉ አይታመምም፤ ሕመም ከሌለ ብዙውን ጊዜ ሕክምና አያስፈልገውም። ነገር ግን ቅባት ከተበላ በኋላ የቀኝ ጎን ሕመም ከተመላለሰ መመርመር ይገባል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም ለሰዓታት የማይለቅ ሕመም ከመጣ ግን በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ነው።

እህቴ ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላት ደኅና ናት፤ ሰው ያለ እሱም ይኖራል። ዘንድሮም የፋሲካን ዶሮ በልኩ ቀመሰች። ያን ቀን ሆዴን ቆረጠኝ ብላት ሳቀችና፣ «ጨጓራሽ ነው፣ ነርሷ» አለችኝ።