አንድ ማሽን፣ ዘጠኝ ወንበር

ደብዳቤ መጻፍ የሚለማመድ ተማሪ ፊት ያለው ኮምፒውተር አብዛኛውን ደቂቃ ሥራ ፈት ነው። ልጁ ፊደሉን ከኪቦርዱ ላይ እስኪያገኝ፣ ቀጣዩን ቃል እስኪያስብ ድረስ ማሽኑ ይጠብቀዋል። ቨርቹዋል ዴስክቶፕ የተሠራው በዚህ የባከነ አቅም ላይ ነው። አንድ ጠንካራ ኮምፒውተር ለብዙ ተማሪ ይሠራል፤ በየተማሪው ፊት የሚቀመጠው ሞኒተር፣ ኪቦርድ፣ ማውስና ከዋናው ማሽን (ከሰርቨሩ) ጋር የምታገናኝ፣ ተርሚናል የምትባል ትንሽ ሳጥን ብቻ ነው። ልጁ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ የሚከፈትለት የራሱ ገጽ፣ የራሱ ፋይል ነው።

ሐሳቡ ከግል ኮምፒውተር ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካው ዳርትመዝ ኮሌጅ ጆን ኬሚኒና ቶማስ ከርትዝ የተባሉ የሒሳብ መምህራን አንድ ኮምፒውተር በርካታ ተርሚናሎችን በአንድ ጊዜ እንዲያስተናግድ አደረጉ። ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠሩትም ሒሳብና ሳይንስ የማያጠናው ተማሪ ጭምር እንዲጠቀምበት ብለው ነው። ኮምፒውተሩን እንደ ቤተ መጻሕፍት፣ ለገባ ሁሉ ክፍት አድርገው አሰቡት። ኋላ በአካባቢው ያሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም በስልክ መስመር ከዚያው ማሽን ጋር ተገናኙ።

ይህንኑ በአገር ደረጃ የሞከረችው ዛሬ ሰሜን መቄዶንያ የምትባለው፣ 2 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2007 መንግሥቷ ለእያንዳንዱ ተማሪ ኮምፒውተር ለማዳረስ ሲነሳ 180,000 ኮምፒውተር አልገዛም። 20,000 ያህል ኮምፒውተሮች ላይ ኤንኮምፒውቲንግ የተባለው ኩባንያ የሚሠራቸውን 160,000 ተርሚናሎች ለማያያዝ ወሰነ። በአማካይ አንድ ማሽን ለዘጠኝ ወንበር ማለት ነው። ሶፍትዌሩም በነጻ የሚገኘው ኡቡንቱ ሆነ። ይህ ምርጫ በቀላሉ አይታለፍም፤ የሚከፈልበት ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በተጠቃሚ ቁጥር ስለሆነ፣ በማሽን የዳነውን ገንዘብ ፈቃዱ መልሶ ሊበላው ይችላል።

ሻጮች ስለዚህ ቴክኖሎጂ ሲያወሩ መጀመሪያ የሚያነሱት ዋጋን ነው። እውነት አላቸው፤ ሳጥኗ የምትፈጀው ኤሌክትሪክም ጥቂት ዋት ብቻ ነው። እኔ ግን ትልቁ ጥቅም እዚያ አይመስለኝም። የትምህርት ቤት ኮምፒውተር በአብዛኛው የሚሞተው በእርጅና ሳይሆን በእንክብካቤ እጦት ነው። አንድ ተማሪ በፍላሽ ቫይረስ ያመጣል፤ ሌላው ሳያውቅ የሲስተም ፋይል ያጠፋል፤ የአንዱ ሃርድ ዲስክ ይበላሻል። አርባ ኮምፒውተር ያለው ክፍል አርባ ሕመምተኛ አለው፤ አስታማሚው ደግሞ የሚያስተምረው ክፍለ ጊዜ የተደራረበበት አንድ የአይሲቲ መምህር ነው። ዛሬ ሦስቱን ሲጠግን ነገ አምስቱ ይቆማሉ፤ በመጨረሻ በሩ ይቆለፋል።

ቨርቹዋል ዴስክቶፕ ይህን ሥራ አንድ ቦታ ይሰበስበዋል። የግዕዝ ፊደል መጻፊያውን በሰርቨሩ ላይ አንድ ጊዜ የጫነ መምህር በሁሉም ሞኒተር ላይ ያገኘዋል። የተበላሸ ተርሚናል በአምስት ደቂቃ ይቀየራል፤ የልጁ ሥራ እዚያ ውስጥ ስላልነበረ አንድም ገጽ አይጠፋም። በፈረቃ የሚማሩ ልጆች ባሉበት ትምህርት ቤት የጠዋቱ ተማሪ ተነስቶ የከሰዓቱ ሲቀመጥበት አንዱ የሌላውን ሥራ አያይም፣ አይነካምም። ሃርድ ዲስካቸው የሞተ፣ በዕርዳታ የመጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች እንኳ ከሰርቨሩ በኔትወርክ እየተነሱ መሥራት ይችላሉ። ኤልቲኤስፒ የሚባለው ነጻ የሊኑክስ ሶፍትዌር ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ይህን ሲያደርግ ቆይቷል።

ድክመቱም ከዚያው ይወለዳል። ሁሉም በአንድ ማሽን ላይ ሲንጠለጠል፣ ያ ማሽን የቆመ ዕለት ክፍሉ በሙሉ ይቆማል። ሁሉም ተማሪ በአንድ ጊዜ ቪዲዮ ከከፈተም ሥዕሉ ይንቀረፈፋል። ስለዚህ ሰርቨሩ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ከዋጋው በላይ ያሳስበኛል። ሩቅ ባለ የመረጃ ማዕከል ይሁን የሚለውን ሐሳብ አልቀበለውም። ባንክ ቤት ተሰልፎ «ሲስተም የለም» የተባለ ሰው ምክንያቴ ይገባዋል፤ አዋቂ ነገ ይመለሳል፣ የኮምፒውተር ክፍለ ጊዜው በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ የሆነ ልጅ ግን ያንን ሰዓት መልሶ አያገኘውም። ሰርቨሩ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ካለ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ትምህርቱ በግቢው ኔትወርክ ይቀጥላል። መብራት ሲጠፋም መጠባበቂያ ባትሪ (ዩፒኤስ) የሚያስፈልገው ለጥቂት ማሽንና ለሞኒተሮቹ ነው።

ሌላው ፍርሃቴ ከፕላዝማው ትምህርት የመጣ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2004 ጀምሮ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ተሠራጭቶ በፕላዝማ ቴሌቪዥን የታየው ትምህርት አብዛኛውን ክፍለ ጊዜ ወሰደ። መምህሩ በራሱ ክፍል ቆሞ ተመልካች ሆነ፤ እንግሊዝኛው የፈጠነበት ተማሪ አቁሞ መጠየቅ አልቻለም። ስክሪኑ እየሠራ መማሩ ሊቆም እንደሚችል ያኔ አይተናል። መቄዶንያም መሣሪያውን ካስገባች በኋላ በብዙ ክፍል የማስተማሩ ልማድ እኩል አልተራመደም። በቨርቹዋል ዴስክቶፕ ግን መምህሩ የእያንዳንዱን ተማሪ ገጽ ከመቀመጫው ማየት፣ የአንዱን ሥራ ለሁሉም ማሳየት፣ ሲፈልግ ሁሉንም ማስቆም ይችላል። በፕላዝማው ጊዜ ያጣው ሥልጣን እዚህ በእጁ ነው፤ የሚይዝበትን መንገድ ካሠለጠኑት።

አንድ ትምህርት ቤት በጀቱን ይዞ ቢያማክረኝ መጀመሪያ የማስጽፈው የአንድ ቴክኒሻን የዓመታት ደመወዝ ነው። ቀጥሎ የመምህራኑን ሥልጠና፣ ከዚያ ዩፒኤሱንና ዋናው ሲበላሽ የሚተካውን ሁለተኛ ሰርቨር። ስንት ወንበር እንደሚዘረጋ የምንቆጥረው በቀረው ብር ነው፤ አርባ መሆኑ ቀርቶ ሃያ ቢሆንም፣ ሁለት ልጅ በአንድ ሞኒተር ቢቀመጥም ግድ የለኝም።