ጅብ ከሄደ የሚጮህ ደወል

ሰሞኑን የባቡር ሐዲድ ማቋረጫን ጉዳይ ይዤ አንድ ኃላፊ ዘንድ ገባሁ። ስማቸውንም መሥሪያ ቤታቸውንም አልጠራም፤ ጸቤ ከንግግራቸው እንጂ ከእሳቸው አይደለም። «በየማቋረጫው ደወል፣ መብራትና ዘበኛ ይኑር ነው የምትለው? የጭነት ባቡር እኮ ነው፤ ስንቴ ያልፍና ነው!» ብለው ሳቁብኝ። ሻይም ጋበዙኝ። ሻዩ ግን አልዋጥልህ አለኝ።

ስንቴ ያልፍና ነው? እሱማ ነው ጉዱ! በየአሥር ደቂቃው ባቡር የሚያልፍበትን ሐዲድ ሕፃን ልጅም ይፈራዋል። ሰው የሚዘናጋው ጭር ባለው ሐዲድ ላይ ነው። እረኛው ጠዋት ሲሻገር ባቡር የለም፤ ማታ ሲመለስም የለም። ሲውል ሲያድር ሐዲዱ ለእሱ እንደማንኛውም መንገድ ይሆናል፤ ፍየሎቹም ይተኙበታል። ከተሜውም ከዚህ አይሻልም። በቀደም የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሾፌር ግራ ቀኝ ሳያይ ሐዲድ ሲያቋርጥ «ኧረ ቀስ በል!» ብለው፣ «እዚህ ባቡር አይቼ አላውቅም» አለኝ። ረዳቱም ተሳፋሪውም ሳቀብኝ። እንግዲህ የኃላፊውና የሾፌሩ ቃል አንድ ሆነ ማለት ነው። ልዩነቱ ሾፌሩ ደመወዝ የሚበላው በዚህ ሥራ አለመሆኑ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው አሮጌው ባቡር እያጨሰና እያጓራ ስለሚመጣ ከሩቅ ይታወቅ ነበር። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሰበታ ጅቡቲ መስመር ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ርዝመቱ ወደ 750 ኪሎ ሜትር ነው፤ የጭነት ባቡር በሰዓት እስከ 80 ኪሎ ሜትር እንዲሄድበት ታስቦ ተሠርቷል። ኮንቴይነር የጫነ ባቡር በዚህ ፍጥነት እየመጣ ፍሬን ቢይዝ፣ እስኪቆም አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሊፈጅበት ይችላል። እንደ መኪና መሪ ጠምዝዞ አያመልጥ! ነጂው ሰው ወይም ግመል ቢያይ ፍሬን ይዞ፣ ጡሩምባ ነፍቶ ፈጣሪውን ከመጥራት በቀር ምን ሊያደርግ ይችላል? በዚህ መስመር ከብትና ግመል መገጨቱ፣ የካሳ ጭቅጭቅም መነሳቱ የአደባባይ ወሬ ነው። ድልድይና መሹለኪያ የተሠራለት ቦታ አለ፤ ይመስገን። የእኔ ጥያቄ ሰው፣ ከብትና መኪና ሐዲዱን በእግሩ ረግጦ ስለሚሻገርበት ቦታ ነው።

«መሣሪያው ውስብስብ ነው» የሚሉ አሉ። ነገሩ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ጥበብ ነው። በሁለቱ ሐዲዶች ቀጭን ኤሌክትሪክ ይለቀቃል። የባቡሩ ብረት ጎማ ሐዲዱን ሲረግጥ ኤሌክትሪኩ በጎማው በኩል አቋርጦ ይመለሳል፤ ያኔ ቀይ መብራት ይበራል፣ ደወል ይጮኻል፣ መዝጊያው ይወርዳል። ሽቦ ቢበጠስ ወይም ሐዲዱ ቢሰበርም ይጮኻል። ሲበላሽ «አደጋ አለ» እንዲል ሆኖ የተሠራ ነው። ታዲያ ጥገና ከሌለው ባቡር ሳይኖር ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ይውላል፤ ሕዝቡም ውሸታም ብሎ ይንቀዋል። የተናቀ ደወል ደግሞ ከሌለ ደወል ይብሳል። ስለዚህ መትከል ብቻ አይበቃም፤ ባትሪውን የሚያይ፣ ሽቦውን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል።

ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ ላይ ባቡር ተገልብጦ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። ያ አደጋ የማቋረጫ ሳይሆን የፍጥነት ጣጣ ነበር። ቢሆንም ሐዲድ ላይ የሚፈጸም ቸልተኝነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያየን ሕዝብ ነን። ለመሆኑ ስንት ሬሳ ሲቆጠር ነው ጭር ያለው መስመር ደወል የሚገባው?

የሚመለከተው ክፍል ሆይ! የማቋረጫዎቹን ዝርዝር ለሕዝብ አውጡ። በእያንዳንዱ ላይ ተጠያቂ ሰው መድቡ። መብራቱ እስኪተከል ድረስ ከዚያው ሠፈር አንድ ወጣት ቅጠሩና ሬዲዮ፣ ፊሽካና ቀይ ጨርቅ ስጡት። በአንድ የሥልጠና ስብሰባ አበል የስንቱን ወር ደመወዝ መክፈል ይቻል ነበር? ለባቡሩ ሚሊዮኖች ያልተሰሰተለት አገር፣ ከፊቱ ለሚቆመው ሰው ፊሽካ ሊነፍገው አይገባም።

አደጋ ከደረሰ በኋላ አጣሪ ኮሚቴ ማቋቋም፣ የሐዘን መግለጫ ማውጣት፣ በእረኛው ማመካኘት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ጅቡ ገና ሳይመጣ እየነገርናችሁ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል!