ቆጣሪ ለማንበብ ዕብራይስጥ አያስፈልግም

የመብራት ሂሳብ በየሁለት ወሩ ይመጣል። እዚህ ኔታንያ በብዙዎቻችን ቤት ወረቀቱን የሚከፍተው ዕብራይስጥ የሚያነበው ልጅ ነው። ከታች ያለውን ቁጥር ያይና "ይህን ያህል ሼቀል መጥቷል" ይላል፤ አለቀ። እናት "ምኑ ነው ይህን ያህል የበላው?" ብላ ስትጠይቅ የሚመልስላት የለም። ጥያቄዋ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልስ ይገባዋል ባዮች ነን።

ኢንጂነሪንግ የሚማሩ ጓደኞቻችን "ኢንቴግሬተር" የሚሉት ነገር አለ። የሚገባለትን ሁሉ ከጊዜ ጋር እየደመረ የሚይዝ ዕቃ ወይም ሰርኪዩት ማለት ነው። ካፓሲተር ኮረንቲ ሲገባለት ቮልቴጁ እየጨመረ ይሄዳል፤ ኮረንቲው ሲቋረጥም ያጠራቀመውን ይዞ ይቆያል፣ ትንሽ ትንሽ ማፍሰሱ ባይቀርም። ቃሉ የፈረንጅ ይሁን እንጂ ነገሩ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም። ጣናን የሚያውቁ ሽማግሌ ይጠየቁ። ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ሐይቁ ግን ጢም ብሎ የሚሞላው ዝናቡ ከቀነሰ በኋላ፣ በመስከረም ገደማ ነው። ሐይቁ የሚያሳየው የዕለቱን ዝናብ ሳይሆን የከረመውን ድምር ነውና። የሚገባው ከሚወጣው እስከበለጠ ድረስ፣ ዝናቡ ቢቀንስም ውሃው ከፍ ማለቱን አይተውም። ዩኒቨርሲቲ ገብተን በኢንቴግራል ምልክት የምናየው ይህንኑ ነው።

ቆጣሪውም እንደ ሐይቁ ደማሪ ነው፤ ልዩነቱ ወደ ኋላ አለመመለሱ ነው። 2.5 ኪሎዋት የሆነ የዱድ ማሞቂያ ለ1 ሰዓት ሲበራ ቆጣሪው ላይ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ይጨምራል። 10 ዋት አምፖል ያንኑ ያህል ለመፍጀት 250 ሰዓት መብራት አለበት። እናቶቻችን ከክፍል ክፍል እየተከተሉን መብራት ያጠፋሉ፤ ደግ ልማድ ነው፣ ገንዘቡ ያለው ግን ዱዱ ጋ ነው። ዱዱ ራሱ ሙቀት አጠራቃሚ ነው። 150 ሊትር ውሃ በዚያ 1 ሰዓት ውስጥ 14 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ሙቀቱ ግን ቀስ በቀስ ያመልጣል፤ ስለዚህ "ሌሊቱን ሙሉ እንደበራ ይደር" ማለት ለሚያመልጠው ሙቀት መክፈል ነው። ጣሪያ ላይ የፀሐይ ዱድ ካለ ደግሞ በበጋ ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ በነፃ ታጠራቅምልናለች።

"ወላጆችን በዚህ ምን አደከማቸው? ልጆቹ ይጨርሱት" የሚሉ አሉ። አንስማማም። የአሥር ዓመት ልጅ የቤቱን ወጪ ብቻውን የሚያውቅበት ቤት ውስጥ የአባት ቃል ይቀላል፤ ልጁም ያለ ዕድሜው ይሸከማል። የሶሻል ወርክ ተማሪዎች ስለሆንን ይህ ከመብራቱ ሂሳብ ይልቅ ያሳስበናል። ቁጥር በአማርኛም በዕብራይስጥም አንድ ነው። ዛሬ የቆጣሪውን ቁጥር መጻፍ፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ መጻፍ፣ ከዚያ መቀነስ፤ ገበያ ሲነግዱ ለኖሩ እናቶች ይህ ምንም አይደለም። ሂሳቡ በግምት የመጣ እንደሆነም የጻፉትን ቁጥር ይዘው ይከራከራሉ።

ማኅበራችን በሚቀጥለው ወር ቤት ለቤት ሲዞር፣ አንድ የኢንጂነሪንግና አንድ የሶሻል ወርክ ተማሪ አብረው ይሂዱ። ወረቀቱን ከመተርጎማቸው በፊት ከእናት ወይም ከአባት ጋር ወደ ቆጣሪው ሳጥን ይውረዱ፤ እስክሪብቶውን የሚይዙት ግን ወላጆቹ ይሁኑ።